አቶሚክጄ፦ ለስላሳ ነገር ለምትለኩ ሁሉ

የምሠራው ከቡና ማጠቢያ ተረፈ ምርት በወጣ ፔክቲን (ጄል የሚሠራ የተክል ንጥረ ነገር) ላይ ነው። በዓይን የማይታዩ የጄል እንክብሎች እንሠራለን። ልስላሴያቸው የሚለካው በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ነው። የካንቲሊቨሯ (እንደ ስፕሪንግ የምትታጠፍ ቀጭን ዘንግ) ጫፍ እንክብሉን ውኃ ውስጥ እንዳለ ይጫነዋል፤ ምን ያህል እንደታጠፈች ይመዘገባል። የኔን ናሙና የለካልኝ ውጭ አገር ያለ ላብራቶሪ ነው። ጅማ የደረሰኝ ፋይሉ ብቻ ነው። ከርቩን (ጫፉ ሲጫን ኃይሉ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየውን መስመር) ወደ ኪሎፓስካል፣ ማለትም ወደ ጥንካሬ መለኪያ፣ መቀየር የኔ ድርሻ ሆነ።

አቶሚክጄ የደረሰልኝ እዚህ ላይ ነው። የፖላንድ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ነጻ ሶፍትዌር ነው። በጃቫ ስለተሠራ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ ይሄዳል። አንዴ ካወረዳችሁት ኔትወርክ ጠፋ አልጠፋ ሥራ አይቆምም። መብራት ሲሄድም በላፕቶፔ ባትሪ እቀጥላለሁ። ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ከርቭ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ጥንካሬውን ለማስላት፣ ጫፉ ሉል ከሆነ ኸርትዝ የሚባለውን ቀመር፣ ሾጣጣ ከሆነ ስኔደን የሚባለውን ትመርጣላችሁ። ምርጫው ቀልድ አይደለም። በሉል ጫፍ ኃይሉ ከጥልቀቱ 1.5 ርቢ ጋር ያድጋል፤ በሾጣጣ ከ2 ርቢ ጋር። የፖይሰን ሬሾን (ነገሩ ሲጫኑት ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚናገር ቁጥር) ውኃ ለጠገበ ጄል 0.5 አድርጌ እሞላለሁ።

ጫፉ ናሙናውን የነካበትን ነጥብ ሶፍትዌሩ ራሱ ይፈልጋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚሁ ነው። ጠንካራ ነገር ላይ ከርቩ ቁልጭ ብሎ ይሰበራል። ጄል ላይ ግን ቀስ እያለ ነው የሚነሳው፤ የት ጀመረ ለማለት ይቸግራል። ነጥቡ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ሞጁለሱ (የሚወጣው የጥንካሬ ቁጥር) በጣም ይለወጣል። ሶፍትዌሩ ግን ያም ሆነ ይህ ቁጥር ይሰጣችኋል። ስለዚህ ከርቮቹን አንድ በአንድ ክፈቷቸው። እኔ አጠራጣሪውን ያለ ርኅራኄ አወጣለሁ።

ጥልቀቱንም ገድቡ። ከናሙናው ውፍረት አንድ አሥረኛ ካለፋችሁ ከሥር ያለው መስታወት መናገር ይጀምራል፤ ለስላሳው ጠንካራ ይመስላል።

ኸርትዝ ደግሞ ጊዜን አይቆጥርም። ጄል ሲጫኑት ውኃ ይለቃል፤ በፍጥነትና በቀስታ ሲጫኑት አንድ አይደለም። የመጫኛ ፍጥነቱን ሳይጽፉ ኪሎፓስካል ብቻ ማውጣት ልክ አይመስለኝም።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። ናሙና ልትልኩ ከሆነ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ጥሬውን ፋይል፣ የጫፉን ቅርጽና ራዲየስ፣ በዚያው ቀን የተለካውን የካንቲሊቨር ስፕሪንግ ኮንስታንት (ለመታጠፍ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ)። የመጨረሻው ከተሳሳተ የትኛውም ሶፍትዌር አያድናችሁም።