ቤት ለወረሳችሁ፦ «በካሽ እንገዛለን» የሚለው ደብዳቤ ላይ አትቸኩሉ

ይህን የምጽፈው በተለይ ሜሪላንድ ለምትኖሩ ወገኖች ነው። ወላጅ ሞቶ ገና አርባው ሳይወጣ ፖስታ ይመጣል። አንዳንዱ በእጅ የተጻፈ ይመስላል። «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፤ ቤቱን እንዳለ በካሽ እንገዛለን፤ ኮሚሽን የለም» ይላል። ከዚያ ስልኩ ይከተላል።

ብዙ ሰው «ማን ነገራቸው?» ብሎ ዘመድ ጎረቤቱን ይጠረጥራል። ማንም አልነገራቸውም። የውርስ ፋይል ሲከፈት መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። «ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ» የሚባለው ቢሮ የሟቹንና የውርስ አስተዳዳሪውን ስም ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ቤቱ በማን ስም እንዳለና በስንት እንደተገዛ ደግሞ የስቴቱ የንብረት መዝገብ ያሳያል። ሁለቱን እያገናኙ የወራሾች ዝርዝር የሚሸጡም አሉ። የሚፈለገው ሐዘን ያደከመው፣ ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ነው። መዝገቡን ማየት ሕጋዊ ነው። አደጋው ያለው ውሉ ላይ ነው።

ደብዳቤ ከሚልኩት ብዙዎቹ ቤት ገዢ አይደሉም። «ሆልሴለር» ይባላሉ። በርካሽ ያስፈርሟችሁና ውሉን ራሱን ለሌላ ሰው አትርፈው ይሸጡታል። ከገዢው ስም ቀጥሎ «ወይም መብቱ የተላለፈለት ሰው» የሚል ሐረግ ካያችሁ ነገሩ ያ ነው። ቀብዱ ትንሽ ነው። ቤቱን የሚመረምሩበት ጊዜ ግን ረጅም ነው፤ ሌላ ገዢ ካላገኙ በዚያ ሰበብ ጥለው ይወጣሉ። እናንተ ግን ታስራችኋል። የማውቃቸው እህትና ወንድም እንዲህ ፈረሙ። ቆይተው ለሌላ ሊሸጡ ሲሉ፣ ያስፈረማቸው ሆልሴለር ውል እንዳለው የሚገልጽ ወረቀት በመሬት መዝገቡ ላይ አስመዝግቦ ተገኘ። የቤቱን ባለቤትነት አጣርቶ ሽያጩን የሚያስፈጽመው ድርጅት (ታይትል ካምፓኒው) ሽያጩን አቆመ። ወረቀቱን ለማስነሳት ጠበቃ መቅጠር ነበረባቸው። ሐዘናቸው ላይ ይህ ሲጨመር ማየት በጣም ያማል።

ማስፈራሪያም አላቸው። አንዱ «ታክስ ይበላችኋል» የሚለው ነው። በፌዴራል ሕግ የወረሳችሁት ቤት ትርፉ የሚሰላበት መነሻ ዋጋ ወላጅ በሞተበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ነው። እናት በ150 ሺህ ዶላር የገዛችው ቤት ስታርፍ 500 ሺህ ካወጣ፣ በ510 ሺህ ብትሸጡት ትርፍ የሚባለው 10 ሺው ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የሽያጭ ወጪ ይቀነሳል። ሜሪላንድም ልጅን የውርስ ታክስ አታስከፍልም። ሌላው «ባንኩ ይነጥቃችኋል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ሕግ ግን ቤቱን ወርሶ የሚኖርበትን ልጅ ይጠብቃል። የቤቱን ብድር ወርሃዊ ክፍያ እስከከፈለ ድረስ ባለቤቱ ስለሞተ ብቻ ባንኩ «ብድሩን ባንዴ ክፈል» ሊለው አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን ፈቃድ ባለው ገማች አስገምቱ። ግምቱ ወላጅ ባረፈበት ቀን ዋጋ ይሁን፤ ለታክሱም ያስፈልጋችኋል። በውርሱ ስም መፈረም የሚችለው ሥልጣን የተሰጠው አስተዳዳሪ ብቻ ስለሆነ አንዱን ወንድም ነጥለው ሲጎተጉቱት ዝም አትበሉ። አዲስ አበባ ያለ ወራሽ ካለም አስቀድማችሁ ንገሩት። የፈረማችሁ ካላችሁ ውሉን ይዛችሁ ዛሬውኑ የሪል እስቴት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ፤ የመሬት መዝገቡ ላይ የሰፈረ ነገር ካለም እንዲያይላችሁ ጠይቁት።