«ቡርግ»ን አምባ ያሉት የከዚራው ተርጓሚ

የሐረርን ጥንታዊ የከተማ ግንብ፣ ጀጎልን፣ ለሚያስጎበኙ ወጣቶች የሥልጠና ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ ጌኦርግ ኡልሪሽ ግሮስማን ስለተባሉት የጀርመን የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ የሥራ ሕይወት የሚተርክ ስምንት ገጽ ጽሑፍ በጀርመንኛ እጄ ገባ። ሐረር ውስጥ የሚተረጉምልኝ ሰው ስላጣሁ ድሬዳዋ ወርጄ፣ ከዚራ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ለሚገኝ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ሰጠሁት፤ በሦስተኛው ሳምንትም ተረከብኩ። ተመሳሳይ ሥራ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው ይጠቅም እንደሆነ አገልግሎቱን እንዳገኘሁት እገልጻለሁ።

ተርጓሚው በደርግ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን የተማሩ አዛውንት ናቸው። ወረቀቱን ገልጠው «ዋርትቡርግ» የሚለውን ስም ሲያዩ ፊታቸው በርቶ፣ «እኔ እኮ የማውቃት መኪናዋን ነው» አሉኝ። በእርግጥም አይዘናኽ ከተማ ይሠራ የነበረው መኪና ስሙን የወሰደው ከከተማው በላይ ከቆመው ከዚህ ጥንታዊ ግንብ ነው፤ ማርቲን ሉተር ከ1521 እስከ 1522 እ.ኤ.አ. ተሸሽገው ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የመለሱትም እዚያው ነበር። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ በኋላ፣ በ1992 እ.ኤ.አ.፣ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎችን የሚያጠና ማኅበር በዋርትቡርግ ስም ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ግሮስማን ነበሩ።

የትርጉሙ ትልቁ ፈተና ሁለት ቃላት ነበሩ። ጀርመኖች በመካከለኛው ዘመን መኳንንት ይኖሩበትና ይከላከሉበት የነበረውን ሕንፃ «ቡርግ»፣ ከዚያ በኋላ ለምቾትና ለክብር መገለጫ የተሠራውን ደግሞ «ሽሎስ» ይሉታል፤ የግሮስማን ሙያም በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው። አዛውንቱ ሽሎስን ቤተ መንግሥት፣ ቡርግን አምባ አሉት። «ምሽግ ብንለው አንባቢው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ወታደር ይታየዋል፤ ግንብ ብንለው ደግሞ ማንኛውም የድንጋይ ቤት ግንብ ነው» ሲሉ አስረዱኝ። መከራከሪያቸውን ወድጄዋለሁ፤ የእኛም አምባ መሸሸጊያ፣ መናገሻ፣ አንዳንዴም እስር ቤት ነበርና። ነገር ግን ሁሉም ቡርግ ተራራ ላይ አይደለም። ግሮስማን ወደ ኑረንበርግ ከመሄዳቸው በፊት ሌምጎ ከተማ በሚገኘው በብራከ ሽሎስ የነበረውን ሙዚየም መርተዋል፤ ይህ ቤተ መንግሥት ቀድሞ በውሃ የተከበበ ቡርግ ስለነበር ትርጉሙ «የውሃ አምባ» ብሎታል፤ ይህ አነጋገር ለጆሮዬ ይጎረብጠኛል።

የቡርግን ዙሪያ አጥር «ጀጎል» ብለው መተርጎማቸው ግን ለእኔ ተማሪዎች ከሁሉ የበለጠ ስጦታ ነው። የሌላ አገር አማርኛ ተናጋሪ ቃሉን ላያውቀው ይችላል፤ በአምስቱ ጥንታውያን በሮች እየወጣ እየገባ ያደገ የሐረር ልጅ ግን ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ያገኘሁት ስሕተት ቀላል አልነበረም። ግሮስማን ኑረንበርግ የሚገኘውን ትልቁን ሙዚየም የመሩት ከ1994 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በመጀመሪያው ቅጂ ዓመታቱ ሁሉ «ዓ.ም.» ተብለው ተጽፈው ስለነበር የሰውየው የሥራ ዘመን በሰባትና በስምንት ዓመት ተፋልሶ ነበር። ጸሐፊዋ ይቅርታ ጠይቃ ገጾቹን በሙሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አረመችልኝ። የዘመን አቆጣጠር ያለበት ሰነድ የሚሰጥ ሰው ከመክፈሉ በፊት እያንዳንዱን ዓመት ቢያመሳክር ይበጀዋል።

የሙዚየሙን ስም በተመለከተ ግን ሥራቸውን አደንቃለሁ። «ጀርማናዊ ብሔራዊ ሙዚየም» ብለው ሲጽፉ ያልተለመደ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1852 እ.ኤ.አ. ማለትም አንድ የጀርመን መንግሥት ገና ባልነበረበት ጊዜ እንደሆነና ስሙም የሚያመለክተው ጀርመንኛ ተናጋሪውን ባህል እንደሆነ በኅዳግ ማስታወሻ ጻፉልኝ። ያን ማስታወሻ ማንም አላዘዛቸውም።

ትርጉሙ ከገባኝ በኋላ የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ግሮስማን የግድግዳውን መጋጠሚያ፣ ጭቃውንና ኖራውን፣ የወራጁን እንጨት የዕድገት ቀለበት ከመረመሩ በኋላ ስለ ሕንፃው ዕድሜ ከሚናገሩ ሰዎች ወገን ናቸው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ኑረንበርግ ላይ የቀረበውም ትልቅ ዐውደ ርእይ ስለ ቡርጎች የሚነገረውን አፈ ታሪክ ከእውነተኛው ሕይወት ለይቶ ለማሳየት የተዘጋጀ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በአርጎብ በሪ አጠገብ አቁሜ ይህን ክፍል አነበብኩላቸው። ከዚያም በኤሚር ኑር ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትን የድንጋይ ግንብ፣ በኋላ ከታደሰበት ቦታ እንዲለዩት ጠየቅኳቸው፤ አንዷ ልጅ በጣቷ እየዳሰሰች ጭቃው የሚያበቃበትንና ሲሚንቶው የሚጀምርበትን መስመር አሳየችን።

ቤቱ ከቀትር ጀምሮ ሙቀቱ እስኪበርድ ስለሚዘጋ ከሐረር የሚወርድ ሰው በጠዋት ቢደርስ ይሻላል። ሄልድቡርግ ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. ስለተከፈተው የቡርጎች ሙዚየም የሚናገር ሌላ አምስት ገጽ ለአዛውንቱ ሰጥቻቸዋለሁ፤ በውሃ የተከበበውን ቡርግ ምን ብለን እንደምንጠራው ግን እስካሁን አልተስማማንም።