የዲጂታል ማስተማሪያ ሥልጠና በሰሜን ሸዋ፦ አራት አማራጮች ጎን ለጎን

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጠ። በጠመኔና በወረቀት ብቻ ያስተማርናቸው ልጆች ስክሪን ፊት ተቀምጠው የዕድላቸውን ፈተና ሊፈተኑ እንደሚችሉ ያን ጊዜ ሁላችንም ገባን። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ የማገኛቸው መምህራን ጥያቄ አንድ ነው፦ ገንዘቤንና ክረምቴን የት ላውል?

መለኪያዬን አስቀድሜ ልናገር። ሥልጠናን የምመዝነው በሰርተፍኬቱ ውበት አይደለም። መምህሩ ሲመለስ ባለው ክፍል፣ ባለው መብራትና ባለው መጽሐፍ አንድ ክፍለ ጊዜ ከቀድሞው አሻሽሎ እንዲያስተምር ያበቃዋል ወይ? በዚህ ሚዛን አራቱን አማራጮች እንያቸው።

የግል ኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በሌሎች ከተሞች የሚገኙት እነዚህ ናቸው። በማታና በቅዳሜ የሚያስተምሩት ከሥራ አያስቀሩም። ትምህርቱ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፦ ዊንዶውስ፣ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወር ፖይንት፣ ኢንተርኔት። የተዘጋጀው ለቢሮ ሥራ ፈላጊ ስለሆነ ደብዳቤ መጻፍና የደመወዝ ሠንጠረዥ መሥራት ያስተምራል፤ የ7ኛ ክፍል ሒሳብን በኮምፒውተር እንዴት ማስረዳት እንደሚቻል ግን ከዚያ አይጠበቅም። ቢሆንም አይናቅም። ማውዝ ለመያዝ የሚቸገር መምህር እዚህ ቢጀምር ይሻላል። ኤክሴልን በሚገባ የለመደ የክፍል ኃላፊም ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ፣ ሲሠራ ብዙ ድካም ይቀንስለታል። ከመመዝገብዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ኮምፒውተር ለአንድ ሠልጣኝ አንድ ይደርሳል ወይ? መብራት ሲጠፋ የባከነው ሰዓት ይካካሳል ወይ?

የዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሥልጠና

ደብረ ብርሃን ሁለቱም አሏት። ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለመምህራን ሥልጠና ሲከፍቱ ከግሉ የሚበልጡበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አሠልጣኙ ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን የማስተማር ሥነ ዘዴም ያውቃል፤ ሰርተፍኬቱም በግል ማኅደር ውስጥ ክብደት አለው። ድክመቱ በአንድ አዳራሽ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ስለ ቴክኖሎጂ ጥቅም ሲነገረው ውሎ፣ አንድም ነገር በእጁ ሳይሠራ ሊበተን መቻሉ ነው። ከመንዝ ወይም ከምንጃር ለሚመጣ ደግሞ ዋጋው የሥልጠናው ክፍያ ብቻ አይደለም። መጓጓዣው፣ አልጋውና ምግቡ ሲደመሩ ነጻ የተባለው ሥልጠና ከሁሉም ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ የሚረዳ አንድ መመዘኛ አለ። ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የመምህራን የቴክኖሎጂ ብቃት ማዕቀፍ 18 ብቃቶችን በ3 ደረጃዎችና በ6 ዘርፎች ይከፍላል። ዘርፎቹም እነዚህ ናቸው፦ ፖሊሲን መረዳት፣ ሥርዓተ ትምህርትና ምዘና፣ የማስተማር ሥነ ዘዴ፣ የዲጂታል ክህሎት፣ አደረጃጀትና አስተዳደር፣ የመምህሩ የራሱ ሙያዊ ዕድገት። ልብ ይበሉ፤ ኮምፒውተር መጠቀም ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። የሥልጠናውን ይዘት ዝርዝር ይቀበሉና ከእነዚህ ጋር ያስተያዩት። ከምዘናና ከሥነ ዘዴ ምንም ከሌለበት፣ የሚሰጠው ተቋም ስሙ ምንም ያህል ቢከበር፣ ከግል ማሠልጠኛው የሚለየው በቦታው ብቻ ነው።

የኢንተርኔት ሥልጠናዎች

የጉግልና የማይክሮሶፍት የመምህራን ትምህርቶች በነጻ ይገኛሉ፤ ዝግጅታቸውም ጥሩ ነው። የጉግል የመጀመሪያ ደረጃ የመምህራን ፈተና 3 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን ክፍያው 10 ዶላር ነው። ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ቢመስልም የሚከፈለው በውጭ አገር በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ለብዙ መምህር እንቅፋቱ እሱ ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ትምህርቱ ራሱ የሚያስበው ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያና አካውንት እንዳለው ቆጥሮ ይነሳል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብርም ነጻ ነው። ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። ለአይሲቲ መምህር አጥብቄ እመክረዋለሁ። የታሪክ ወይም የአማርኛ መምህር ግን ለነገ ክፍሉ የሚሆን ነገር ከዚያ አያገኝም።

ስለ ኢንተርኔት ስንነጋገር የደረሰብንን መርሳት አይገባም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የመሠረተ መምህር ባዶ እጁን ቀርቷል። ስለዚህ ማንኛውንም ሥልጠና ሲመርጡ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ መሣሪያዎችን ማስተማሩን ያረጋግጡ። ጂኦጂብራ አንዴ ከተጫነ በኋላ ግራፍና ቅርጽ ያለ ኔትወርክ ይሥላል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራን በስክሪን የሚያሳዩ ማስመሰያዎች የሆኑት ፌት (PhET) ከኢንተርኔት ወርደው በፍላሽ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሊዞሩ ይችላሉ፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮሊብሪ ደግሞ አንድ ላፕቶፕ የትምህርት ማከማቻ አድርጎ፣ በዙሪያው ያሉ ስልኮችና ታብሌቶች በዋይፋይ ብቻ እንዲያነቡ ያስችላል። ሦስቱም መምህር በነጻ የሚጠቀምባቸው ናቸው። አሠልጣኙ እነዚህን ካላነሳና ካሁት የመሰሉ ኢንተርኔት የሚጠይቁ ጨዋታዎችን ብቻ ካሳየ፣ ሥልጠናው የተዘጋጀው ለሌላ አካባቢ ነው።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና

እንደ እኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ግን ሲጠየቅ አይሰማም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት እንዲያውልበት ይጠይቃል። ሰዓቱ አስቀድሞ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ፎርም በመሙላት ያልቃል። ያንኑ ሰዓት ወስዶ አንድ ጥሩ አሠልጣኝ ወደ ትምህርት ቤቱ ወይም የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በጋራ ወደሚሰባሰቡበት የጉድኝት ማዕከል ማምጣት ይቻላል። ሃያ መምህር ደብረ ብርሃን ድረስ ከሚጓዝ አንድ ሰው ደብረ ሲና ቢመጣ ወጪው ይቀላል። አሠልጣኙም ሶኬት የሌለውን ግድግዳ፣ የጠፋውን የፕሮጀክተር ገመድ፣ በአንድ ዴስክ የታጨቁትን ልጆች በዓይኑ አይቶ ትምህርቱን በዚያ ልክ ይቆርጣል።

ይህን አጥብቄ የምለው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ስለማስታውስ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ትምህርት ሲሰራጭ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በመሐል ቆሞ ተመልካች ሆነ። ቴሌቪዥኑ ሲፈጥን ተማሪው ወደኋላ ይቀር ነበር፤ ሲበላሽም የሚጠግነው ጠፍቶ በብዙ ቦታ ተዘግቶ ቀረ። መሣሪያው መጣ፣ መምህሩ ግን የመሣሪያው ጌታ አልተደረገም።

የዚህ አማራጭ ጉድለት አሠልጣኙ ነው። ጎበዝ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ከመጣ ሰዓቱ ይባክናል። ከመዋዋል በፊት ከመጽሐፋችሁ አንድ ምዕራፍ ስጡትና በሃያ ደቂቃ እንዲያስተምርበት ጠይቁት። ሰበብ ካበዛ ሌላ ፈልጉ።

ታዲያ ለማን የቱ?

ለጀማሪ የግል ማሠልጠኛ፣ አጭሩንና ርካሹን። ኔትወርክ ባለበት ከተማ ለሚኖርና እንግሊዝኛ ለማይከብደው የኢንተርኔቱ። ለደረጃ ዕድገት ማስረጃ ለሚፈልግ የኮሌጁ ወይም የዩኒቨርሲቲው፤ ግን በተግባር የሚሠራበት ሰዓት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ተቀብሎ። በአንድ ትምህርት ቤት አምስት ስድስት ፈቃደኛ መምህራን ካሉ ግን ገንዘባቸውን አዋጥተው ወይም ርእሰ መምህሩን አሳምነው አሠልጣኝ ያስመጡ። ያን ጊዜ ክፍያውን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ ሥልጠናው ሲያልቅ፣ ቀሪው አሠልጣኙ ከወር በኋላ ተመልሶ እያንዳንዳቸው ሲያስተምሩ ክፍል ገብቶ ካየና አስተያየቱን ከሰጠ በኋላ።