ለአፍንጮ በሯ ቲቸርዬ ምስጋና፣ አስጠኚ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም ጎረቤቶች። ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር አመንትቻለሁ። የሴትዮዋ ቤት ጠባብ ነው፤ ሰው ሲበዛ የኔን ልጅ እንዳያስወጡብኝ ሰግቼ ነው። ግን ውለታ ውጦ ዝም ማለትም ደስ አይልም።

ልጄ አሁን 3ኛ ክፍል ነው። ዓምና ጠዋት ጠዋት "ሆዴን አመመኝ" ማለት ጀመረ። ቅዳሜና እሁድ አያመውም። የሰገራም የደምም ምርመራ ተደረገለት፣ ምንም የለም። እኔም "ስንፍና ነው" ብዬ ዘጋሁት። ደብተሩ ላይ ቀይ ኤክስ ሲበዛ ግን አስጠኚ ፍለጋ ገባሁ። ስልክ እንጨት ላይ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች ሁለት ሞከርኩ። አንዱ ስልኩን ሲነካካ ሰዓቱ ያልቃል። ሌላው የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶለት ይሄዳል። በመጨረሻ አንዲት የዕቁብ ጓደኛዬ ወደ አፍንጮ በር ላከችኝ።

ቲቸርዬ ትንንሽ ልጆች ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። የመጀመሪያው ቀን ደብተር እንኳ አላስወጡትም። "ትናንት ምሳህን ከማን ጋር በላህ?" አሉት።

"ብቻዬን" አለ።

እኔ ስንት ወር ሙሉ "ስንት አመጣህ? ስንተኛ ትወጣለህ?" ስል ይህን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። የልብ ጓደኛው በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ከነቤተሰቡ ሩቅ ሄዷል። ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል ብዬ ነበር። እየቆየ ደግሞ ሌላም ነገር አወጣ። ሒሳብ ሲሳሳት ክፍል ውስጥ አስተማሪው ጣቱን በማስመሪያ ይመታዋል።

ቲቸርዬ ተቆጡ። "ይሄ እኮ በሕገ መንግሥቱም ክልክል ነው" አሉኝ። ቤት ገብቼ አየሁት። እውነትም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይላል። በኩርኩምና በአለንጋ ላደግነው ለእኛ ማን ነግሮን! ልጮህ ስነሳ ግን አስቆሙኝ። "ጩኸቱ ተመልሶ ልጁ ላይ ነው የሚያርፈው። ረጋ ብለሽ አስረጂ" አሉኝ። ሄጄ አስረዳሁ፣ ማስመሪያው ቀረ።

ሒሳቡ ጋ ልምጣ፤ እኔን ያስገረመኝ እሱ ነው። ልጄ 42 ሲቀነስ 17 የሚለው ዓይነት አይገባውም ነበር። "2 ከ7 ስለሚያንስ ከጎረቤት ተበደር" ተብሎ ነው የተማረው። እሱ ደግሞ "መቼ ነው የምንመልሰው?" እያለ ይጨነቃል። ቲቸርዬ አራት ባለ አሥር ብርና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ሰጡት። "እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ የ17 ብር ዕቃ ገዝተሃልና ክፈለኝ" አሉት። አንዱን አሥር ብር ከፈለ። ሰባት ሲፈልግ ያለው ሁለት ሳንቲም ብቻ ነው። ትንሽ አሰበና "አሥር ብር ዘርዝሪልኝ" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አሥር የአንድ ብር ሳንቲም ሰጠሁት። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ከፍሎ የቀረውን ሲቆጥር 25። ብድር የሚባል ነገር የለም፣ ዝርዝር ነው! እኔ ራሴ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ምሳውን በተመለከተ ያዘዙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምሳ ዕቃው ውስጥ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቋጥሪለት። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ የአንድ ልጅ ስም እየጠራ ከትምህርት ቤት መጣ። አሁን ያ ልጅ ፓስታ ስለሚወድ ማክሰኞ ማክሰኞ ፓስታ ነው የምቋጥረው። የሆድ ሕመሙ መቼ እንደተወው በትክክል አላስታውስም።

አንዳንድ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስበው በእግር ወደ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ይወስዷቸዋል። እኛ ቤተ መጻሕፍቱ በ2014 ሲከፈት ፎቶ ተነስተን ነው የተመለስነው። እሳቸው ግን ልጆቹን "የፈለጋችሁትን አንሡ፣ ካልጣማችሁ መልሳችሁ ሌላ አንሡ" ይሏቸዋል። ልጄ ስለ እባብ የሚያወራ መጽሐፍ ሦስቴ አንብቧል። ቤታችን ውስጥ ስለ እባብ የማያውቅ የለም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ወላጅ ላይ ኃይለኛ ናቸው። "የአክስትህን ልጅ አታይም?" ስል ሰምተውኝ ልጁ ፊት አይደለም እንጂ ልክ ልኬን ነግረውኛል። ቴሌግራም አይጠቀሙም። መንገዱ ዳገት ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃውን አትጠይቁኝ። ፈተና ሲደርስ "በየቀኑ ላምጣው?" ስላቸው "ሁለት ቀን ይበቃዋል፣ ሌላውን ቀን ይጫወት፣ በጊዜ ይተኛ" ብለው መለሱኝ። ተጨማሪ ገንዘብ አልፈልግም የሚል አስጠኚ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል፣ ንባብና ሒሳብ ነው የሚያስጠኑት፤ ከስድስት ልጅ በላይ አይቀበሉም። አሁን ሁለት ቦታ አለ። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ ጻፉልኝና አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ዋጋውን ራሳቸው ይንገሯችሁ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት እያስጠኑ ስለሆነ አትደውሉ። ስትሄዱ ደግሞ ዝርዝር ሳንቲም ያዙ፤ እዚያ ቤት ሁሌም ይፈለጋል።