ማስቲሹ የድሬዳዋን ግንቦት አልቻለም

በግንቦት አጋማሽ አንድ ምሽት ዓሊ ቢራን ከፍቼ ስሰማ፣ ቤዙ በወረደ ቁጥር ከግራው ስፒከር ዝዝ የሚል ድምፅ መጣ። ሁለቱን ሳጥኖች በጥቅምት በገዛ እጄ የሠራኋቸው ናቸው፤ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ)፣ ላዩ የዋንዛ ቬኒየር፣ ማለትም ስስ የእንጨት ልባጥ። ሰባት ወር ሙሉ እንከን አልነበራቸውም። ስፒከሩን ፈትቼ ከቀኙ ጋር አቀያየርሁ፤ ዝዝታው ግን ከግራው ሳጥን አልወጣም። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ የውስጡን ሽቦ በጨርቅ ጠቀለልሁ፤ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ቀን መዳፌን የሳጥኑ ጎን ላይ ሳሳርፍ ጸጥ አለ፤ ሳነሳ ተመለሰ። ባትሪ አብርቼ በአግድም ሳየው ቬኒየሩ ምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ ሦስት ቦታ አብጧል።

ግራው የተለጠፈው በማስቲሽ ነው። ሻጩ «ይህ ከያዘ አይለቅም፤ ሞርሳ አያስፈልግህም፣ ሌሊት መጠበቅ የለም» ብሎ አሳመነኝ። እውነት ነው፣ ሥራው ፈጣን ነው፤ ሁለቱንም ገጽ ቀብቶ፣ እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ማጋጠም ብቻ። ነገር ግን ጣሳው ለአንዱ ሳጥን ብቻ በቃ። ገንዘቤ ስላለቀ ቀኙን አንድ የመጋላ ሽማግሌ አናጺ እንዳሳዩኝ በተራው ነጭ የእንጨት ኮላና በካውያ ለጠፍሁት። እኔ እንደ ማብቃቂያ የቆጠርሁት ቀኙ ሳጥን ዛሬም እንደ መስታወት ለጥ ያለ ነው።

ሻጩ አሁን ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ሳስተህ ቀብተህ ይሆናል።» ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት። «ሳይደርቅ ለጥፈህ ይሆናል።» በጣቴ እየነካሁ ጠብቄአለሁ። «ቤትህ ሞቃት ነው።» ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ላይ ነው የሸጥህልኝ! ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ግድግዳ ሥር፣ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ናቸው። አንዱን ያሳበጠ ሙቀት ሌላውን ለምን ተወው?

አናጺው መልሱን የሰጡኝ በጥፍራቸው ነው። የግራውን ጎን ከዳር እስከ ዳር ቆረቆሩና ባዶ የሚያስተጋባውን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ከበቡ፤ ለዓይኔ ሦስት የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ማስቲሽ ከደረቀም በኋላ እንደ ጎማ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል። እንጨት ደግሞ በአየሩ እርጥበትና ድርቀት ከጭረቱ (ከእንጨቱ መስመሮች) ጋር ሳይሆን በጭረቱ አግድም ይሰፋል፣ ይጠባል። ጎማው አብሮ ይሳብና በመጨረሻ ይለቃል። ኮላው ግን ጠንክሮ ቬኒየሩን ባለበት ያስቀምጠዋል። እርሱም በሙቀት ይለሰልሳል፤ ለዚያ ግን ካውያ ያስፈልጋል፣ የቤት ሙቀት አይበቃውም።

የኮላው አሠራር ይህ ነው። ቬኒየሩን በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር አትርፎ መቁረጥ፤ የኮላው ውኃ አስፍቶት ሲደርቅ ይሰበሰባልና። ሁለቱንም ገጽ መቀባት፣ የኤምዲኤፉን ጠርዝ ደግሞ መድገም፤ ጠርዙ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። ሌሊቱን ማድረቅ። ከዚያ እንፋሎት በሌለው ካውያ፣ በጨርቅ ላይ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየተኮሱ፣ ሲበርድ በጠፍጣፋ እንጨት ተጭኖ መያዝ። ጠርዙን በምላጭ አስተካክሎ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። አንድ ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ።

እብጠቱን ለማዳን ሞክሬ ነበር። በጭረቱ አቅጣጫ በምላጭ ሰንጥቄ በመርፌ ኮላ አስገባሁ፤ ኮላው የማስቲሹ ቅሪት ላይ አልያዘም። ያን ውብ ዋንዛ መግፈፍ ግድ ሆነብኝ፣ በጣም አዘንሁ። በካውያ እያሞቅሁ በስፓቱላ ስልጥ፣ የማስቲሹን ክር ከኤምዲኤፉ ላይ ፍቄ እስክጨርስ ሁለት ቅዳሜ ሄደብኝ።

ለማስቲሹ የከፈልሁት ይቆጨኛል፤ ቬኒየሩን ግን እንደገና እገዛዋለሁ፣ ገዝቼዋለሁም። አዲሱ ዋንዛ ተቆርጦ በሰሌዳ ተጭኖ አልጋዬ ሥር ተኝቷል፤ ኮላውም አጠገቡ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል እለጥፈዋለሁ።