አራስነት፦ እናት ቤት ወይስ ራስ ቤት?

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ጥንዶች ከአልጋና ከልብስ በፊት ሊነጋገሩበት የሚገባ ነገር አለ። ከወሊድ በኋላ እሷ እናቷ ቤት ትሂድ ወይስ እናቷ ይምጡ?

እናት ቤት ሁሉ ነገር አለ። የአጥሚቱ ዱቄት ቀደም ብሎ ተዘጋጅቷል። ገንፎው መሃሉ ተጎድጉዶ፣ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበት ይቀርባል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ የሚመጣውን ጠያቂ የሚያስተናግድ ሰው አይጠፋም። አራሷ ትበላለች፣ ታጠባለች፣ ትተኛለች። በቃ።

ችግሩ አባትየው ላይ ነው። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚያገኘው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ 10 የሥራ ቀን። ከዚያ በኋላ አማቱ ቤት ማታ ማታ ብቅ የሚል እንግዳ ይሆናል። ዳይፐር መቀየር ሳይለምድ ክርስትናው ይደርሳል፤ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን።

ራስ ቤት ከሆነ ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ እሱም ይነሳል፣ ወዶም ሆነ ሳይወድ። የ6ኛው ሳምንት ክትባትም እዚያው ሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። ግን ጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አያትና ጠያቂ አንድ ሳሎን ላይ ይጋፋሉ። ውሃው በፈረቃ ከሆነማ ተዉት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እናትየው መምጣት ከቻሉ ራስ ቤት ይሻላል። በቀዶ ሕክምና ከወለደችና ቤቱ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ግን እናት ቤት። አባትየውም ፍራሹን ይዞ ይከተል።