ባቲን ያተረፈልን የደሴው የእንስሳት ክሊኒክ

ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለችውን ትንሽ የእንስሳት ክሊኒክ ብዙ ሰው የሚያውቃት በበግና በላም ነው። እኔ የማውቃት በጊኒ ፒግ ነው፤ ከጥንቸል የምታንስ የቤት እንስሳ ናት። ከተማችን ውስጥ ጊኒ ፒግ ወይም ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው ካለ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ምግብ ያቆመች ትንሽ እንስሳ በካርቶን ይዞ የት እንደሚሄድ ግራ ለገባው ሰው፣ እዚች ቤት ሂድ ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ። ጉድለትም አላት፤ እሱንም አልደብቅም።

ልጆቼ ሁለት ጊኒ ፒጎች አሏቸው። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው ናቸው። አባታቸው ክራር ስለሚጫወት በቅኝቶቹ ስም አንዷን ባቲ፣ ሌላዋን አምባሰል አሏቸው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የታመመችው ባቲ ናት።

ጊዜው ነሐሴ ነበር። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ድርቆሽ ከገበያ ጠፋ። ሳር የምታመጣልን ሴት ማገጥ የሚባለው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል የበዛበት እርጥብ ሳር ይዛ መጣች። ሁለቱም በልተው አደሩ። ጠዋት ጎመን ልከትፍ ቢላ ሳነሳ አምባሰል ድምፁን ሰምታ እንደ ልማዷ ጮኸች። ባቲ ግን ጥግ ይዛ፣ ጸጉሯን አቁማ፣ ኩርምት ብላለች። ጎመኑን አፏ ድረስ ባስጠጋላት ፊቷን አዞረች። ከሥሯ ያለው በጠጥ ጥቂት ነው፤ ትንንሽ፣ ደረቅ፣ ጫፉ የሾለ።

መጀመሪያ የገባሁት ለቤቴ ቅርብ የሆነ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ነው። ሻጩ ካርቶኑን እንኳን ሳይከፍት ፔንስትሬፕ የሚባል የፔኒሲሊን መርፌ አወጣ። «ለበግም ለላምም የምንሰጠው ነው፣ ለሷ ቀንሼ ልወጋልሽ» አለኝ። ሳትታይማ አትወጋም ብዬ ወጣሁ። ክሊኒኳን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት፤ የወተት ላሟን እዚያ ነው የምታሳክመው።

ክሊኒኳ ለዓይን የምትሞላ አይደለችም። የቆርቆሮ በር፣ ግቢው ውስጥ ከብት የሚታሰርበት የእንጨት አጥር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠባብ ክፍል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የተማረው እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሴ ባለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ቦቲ ጫማውን እንዳደረገ ከገጠር መመለሱ ነበር። «ዶክተር፣ ይቺን ያክሙልኛል?» አልኩት። ካርቶኑ ውስጥ አየት አደረገና «አብሽሪ እህቴ፣ እጄን ልታጠብና እናያታለን» አለኝ።

እኔን የማረከኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መድኃኒት አላነሳም። መጀመሪያ ሚዛን አመጣ። የወጥ ቤት ሚዛን ናት፤ ላይዋ ላይ ሳህን አድርጎ ባቲን አስቀመጣት። 840 ግራም። ጤነኛ ሳለች 900 ታልፍ ነበር። ጻፈው። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። መጨረሻ የበላችው መቼ ነው? ምን በላች? በጠጥ ያያችሁት መቼ ነው? ውሃ ትጠጣለች? ብቻዋን ናት ወይስ ጓደኛ አላት? ጓደኛዋስ ትበላለች? ማገጥ ስል ቀና አለ።

ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጎ በግራም በቀኝም ቆየ። እውነት ለመናገር እንደዚያ የቆየ ሐኪም ለሰውም አላየሁም። ከዚያ በሁለት ጣቱ ጎኗን መታ መታ አደረገ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ድምፅ ይሰጣል። «ነፍቷታል። አንጀቷም መሥራቱን አቁሟል ማለት ይቻላል» አለ። በጆሮ መመርመሪያዋ አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ። የጊኒ ፒግ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ፣ የኋላው ጥርስ ካለቅጥ ረዝሞ ምላስ እየያዘ ምግብ ሊያስተዋት ይችላል። የባቲ የፊቱ ደህና ነበር፤ የኋላውንም በዚያች መብራት የቻለውን ያህል አየ።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። እርጥብ ማገጥ የጋጠ በሬ ሆዱ እንደሚነፋ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ጊኒ ፒግም ሳር በል ናት፤ ግን እንደ በሬ አታመሰኳም። ሳሩ የሚብላላው ከኋላ ነው፣ ዕውር አንጀት በሚባለው ትልቅ ከረጢት ውስጥ። እዚያ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው ድርቆሹን ምግብ የሚያደርጉላት። ምግቡ በድንገት ሲለወጥ እነሱ ይታወካሉ፤ ጋዝ ይበዛል። ጋዙ ያማታል፤ ስላመማት አትበላም፤ ስላልበላች አንጀቷ ጭራሽ ይቆማል። ማስታወክም አትችልም። «ስለዚህ ጊኒ ፒግ ለ12 ሰዓት ምንም ካልበላች እስከ ነገ ልያት አይባልም» አለኝ። ይቺን ነገር ልጆቼ ወረቀት ላይ ጽፈው ከጎጆዋ በላይ ለጥፈዋታል።

ጎረቤቴ ዘይት አጠጪያት ብላኝ ነበር። በሬ ሲነፋ ዘይት የሚያጠጣ ሰው አለና ከደግነት ነው። ሐኪሙ ግን በጭራሽ አለ። ትንሽ እንስሳ በግድ ዘይት ስትጠጣ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

ስለ ፔንስትሬፑ ስነግረው ደነገጠ። «አልተወጋችም አይደል?» አለ ሁለቴ። ፔኒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን የጊኒ ፒግን ጠቃሚ የሆድ ተሕዋስያን ይጨርሳሉ። ቦታው ባዶ ሲሆን ክሎስትሪዲየም የሚባለው መርዘኛ ባክቴሪያ ይራባል፤ እንስሳዋ በተቅማጥ ትሞታለች። ከፔኒሲሊኑ ጋር ተደባልቆ ያለው ስትሬፕቶማይሲንም ራሱ ለነሱ መርዝ ነው። ለበግ ፈውስ የሆነው ለባቲ መሞቻዋ ይሆን ነበር። እባካችሁ፣ ይህን ሳታውቁ ማንም እንስሳችሁን እንዲወጋ አትፍቀዱ።

ሕክምናው ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ሳላይን የሚባለውን የጨው ፈሳሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ለብ አደረገውና ከማጅራቷ ሥር ከቆዳዋ በታች ሰጣት። ለሕመሙ በክብደቷ ልክ ተሰልቶ ሜሎክሲካም። ለጋዙ ሲሜቲኮን የሚባለውን ጠብታ ከሰው ፋርማሲ እንድገዛ ጻፈልኝ፤ ሆዳቸውን ለሚቆርጣቸው ሕፃናት የሚሰጠው ነው። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰውን ሜቶክሎፕራማይድ የሰጣት ሆዷን ደግሞ ደጋግሞ ዳብሶ፣ የተዘጋ ነገር እንደሌለ ካመነ በኋላ ነው። አንጀቱ ተዘግቶ ከሆነ ይህ መድኃኒት ጉዳት አለው። መጠኑን እዚህ የማልጽፈው ሆን ብዬ ነው። እንስሳችሁ ተመዝና ሐኪም ያስላው።

ዋናው ሥራ የኔ ሆነ፤ ማብላት። ውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የሚዘጋጅ ዱቄት ምግብ አለ። ደሴ የለም። ሐኪሙ የለም ብሎ አላሰናበተኝም። ክሊኒኩ ለከብት ካስቀመጠው ንጹሕ ድርቆሽ አንድ እቅፍ ሰጠኝና እንዴት እንደማዘጋጀው አሳየኝ። ቤት ገብቼ ድርቆሹን በቡና መፍጫ ፈጨሁት፣ በወንፊት ነፋሁት፣ በለብ ያለ ውሃ አቀጠንኩት። ትንሽ የተቀቀለ ዱባ ጨመርኩበት። እህል፣ ፉርሽካ፣ ወተት፣ ስኳር ክልክል ነው፤ ጋዙን ያባብሳል።

አሰጣጡን እዚያው ጠረጴዛ ላይ በእጄ አስደርጎኛል። ባቲን በፎጣ ጠቅለል አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኳት፤ በጀርባዋ ማጋደም የለም። 1 ሚሊ ሊትር የምትይዘውን ቀጭን ሲሪንጅ መርፌዋን አውልቆ ሰጠኝ። ከፊት ጥርሷና ከኋላው መካከል ክፍት ቦታ አለ፤ በዚያ በጎን በኩል ነው የሚገባው። ትንሽ ጠብ ማድረግ፣ ስታላምጥ መጠበቅ፣ ስትውጥ ደግሞ ጠብ ማድረግ። ካጣደፋችኋት ሳንባዋ ይገባል። መጀመሪያ ሁሉንም በአገጯ አፈሰሰችው። «ዝም ብለሽ ቀጥይ፣ አትቸኩዪ» አለኝ። ቀጠልኩ። መንጋጋዋ መንቀሳቀስ ጀመረ። ያን ጊዜ ልጄ ከኋላዬ «እማ፣ አላመጠች!» ብላ ጮኸች፤ ሐኪሙም ሳቀ። ቤት በየ3 እና በየ4 ሰዓቱ ነበር የምናበላት፤ ሌሊትም ጭምር፣ ከባለቤቴ ጋር እየተፈራረቅን።

ሌላም ነገር አለ፤ ስሰማው ገርሞኛል። ጊኒ ፒግ ከራሷ የሚወጣውን ለስላሳ በጠጥ መልሳ ትበላለች፤ ጤናዋ ነው። ስለዚህ ከአምባሰል የወጣ ትኩስ በጠጥ በውሃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ ከምግቡ ጋር ጥቂት እንድሰጣት አዘዘኝ። የጤነኛዋ ጠቃሚ ተሕዋስያን ወደ በሽተኛዋ ሆድ ይሻገራሉ። ከብት ሐኪሞችም ከጤነኛ ላም ሆድ ፈሳሽ ወስደው ሆዷ የቆመባትን ላም ያጠጣሉ አለኝ። ደስ የሚል ሥራ አልነበረም። ግን አደረግነው።

ቫይታሚን ሲ እንዳይረሳ አጥብቆ ነገረኝ። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ሁሉ ይህን ቫይታሚን ሰውነቷ አያመርትም። ጤነኛዋ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ የታመመችው ከዚያ በላይ። ውሃ ውስጥ መጨመር አይረባም፣ ቶሎ ይበላሻል። ክኒኑን አድቅቆ በሲሪንጅ መስጠት ነው። ስትድን የፈረንጅ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ዘይቱን የሚባለው ፍሬ በልክ በልኩ። ጥቅል ጎመን ግን ለነፋት ሆድ አይሆንም።

ለብርዱ የሃይላንድ ላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በነጠላ ጠቅልለን ከጎኗ እናደርግ ነበር። የደሴን ነሐሴ ታውቁታላችሁ። መብራትም ይጠፋል።

ሐኪሙ ስልኩን ሰጥቶኝ ነበር። ማታ ደወልኩ፤ አነሳ። በማግስቱ እንድመዝናትና ግራሙን እንድነግረው አዘዘኝ። እስኪሻላት ድረስ በየቀኑ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ክብደቷን ነው፣ ቀጥሎ በጠጥ። አንድ ጠዋት ጎጆው ውስጥ ወፈር ወፈር ያለ፣ ጤነኛ በጠጥ አገኘሁ። ሠርግ ነበር ቤቱ። ድርቆሹን ራሷ መጎተት ስትጀምር ማብላቱን ቀስ እያልኩ ቀነስኩ። አሁን 920 ግራም ናት።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ራጅ የለም። የባቲ ሆድ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም የኋላ ጥርሷ መከርከም ቢያስፈልገው፣ እዚያ የሚሠራ መሣሪያ የለም። ሐኪሙ ራሱ ይህን አልደበቀኝም፤ ቢብስ ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንደሚልከኝ ነግሮኛል። ከደሴ ያ ሁሉ መንገድ ለደከመች እንስሳ ቀላል አይደለም። አንድ ትንሽ የራጅ ማሽን ለደሴ ብዙ ነው ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው መጠበቂያው ነው። ትንንሽ እንስሳት ለብቻ የሚቆዩበት ቦታ የለም። ከጎናችን ውሻ ይጮህ ነበር። ጊኒ ፒግ በተፈጥሮዋ የምትታደን እንስሳ ናት፤ ፍርሃት ብቻውን አንጀቷን ያቆመዋል። ለረዳቷ ነግሬያት መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ እንድንጠብቅ አደረገችን። እናንተም ስትደርሱ ይህን ጠይቁ። ክፍሉን በመጋረጃ መክፈል እንኳን ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ዋጋው አልከበደኝም። ምርመራው፣ ሳላይኑና መርፌው ተደምሮ 350 ብር ከፈልኩ። ለድርቆሹ ክፈይ አላለኝም። ጠብታውንና ቫይታሚኑን ከሰው ፋርማሲ ለብቻ ነው የገዛሁት።

ስትሄዱ ካርቶኑ ውስጥ ድርቆሽ አንጥፉ፣ ከላይ በጨርቅ ሸፍኑ። የመጨረሻውን በጠጥ በላስቲክ ቋጥራችሁ ያዙ፤ ማየት ይፈልጋል። ጓደኛ ካላት አብራችሁ ውሰዷት፤ አብረው ሲሆኑ አይረበሹም። እሁድ ዝግ ነው፤ ስልክ ግን ይነሳል። ሰኞ ከኩታበርም ከሌላም በኩል ገበያተኛው ከብቱን ይዞ ስለሚገባ ግቢው ይጨናነቃል። ሰኞ ከሆነባችሁ በሩ ሳይከፈት በጠዋት ድረሱ።